ባዶው ተሳቢ

የቀትር ጋኔን የሚሉትን ነገር አምኜ አላውቅም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ እንኳን ጋኔን ታቦት መሳለምም በሹክሹክታ ነበር፣ ስለዚህ ሴት ሆና ፈርታ ነው እንዳትሉኝ።

ከሸሕዲ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ የመንግሥት እርሻ ነበር የምሠራው። ሥራዬ የተጠገነ ትራክተር መፈተሽ አይደለም፣ ጋራዡ ጠግኖ ሲያወጣ በወጉ ይፈትሻል ወይ የሚለውን ማየት ነው፣ ምላሴም ስለታም ስለሆነ ማንም አይወደኝም።

የዚያን ቀን ፍሬኑ ተሠራ የተባለ ትራክተር ከነተሳቢው ቆሟል፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ ሰዎች ጥላ ሥር ሆነው ይጠብቁታል፣ እኔ ደህና ነው ካልኩ ጭኗቸው ቁልቁለቱን ይወርዳል።

«ባዶውን ነው እንዴ የምትፈትኑት?» አልኩ።

«ታዲያ አንቺን ጭነን እንፈትነው፣ ጓዲት?» አሉ የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ መኮንን።

«ጫኑኝ» ብዬ ከሾፌሩ ከይማም ጎን ወጣሁ።

ቀትር ነው፣ ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። ይማም ሜዳው ላይ ነድቶ ፍሬን ያዘ፣ ቀጥ አለ። «አየሽ?» አለኝ። እንደገና ሲነሳ ግን ከኋላችን ሰው ሲስል ሰማሁ፣ እመኑኝ፣ አቧራ የጠጣ የወንድ ሳል ነው፣ ዞሬ ባይ ተሳቢው ባዶ። ሞተሩ ነው ብዬ ተውኩት፣ ወዲያው ደግሞ ብዙ ሰው ሲሳፈርበት እንደሚሆነው ተሳቢው ዝቅ አለ፣ ይማምም ማርሽ ቀነሰ።

«ምነው?»

«ከበደኝ» አለ፣ ወደ ኋላ ግን አላየም።

ከዚያ የተሳቢው ብረት በመዳፍ ተመታ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ይማም ፍሬኑን ረገጠው፣ ያ ቅድም ቀጥ ያለ ትራክተር አልቆም ብሎ ሜዳው ዳር እስካለው ግራር ድረስ ተንሸራተተ።

ስንመለስ «አሸዋ ጭናችሁ ካልፈተናችሁት አይወጣም» አልኩ፣ ጋሽ መኮንን እየተነጫነጩ አሸዋ አስጫኑ። እስከዚያ ከአጫጆቹ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ስትሳፈሩ ብረቱን ትመታላችሁ?»

«እንመታለን እንጂ ልጄ፣ በዚህ ጩኸት ሾፌር መች ይሰማናል። ሁለቴ ከሆነ ወራጅ አለ ነው።»

«ሦስቴስ?»

ማጭዳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሰው ወድቋል።»

አመሻሽ ላይ አሸዋ የተሞላው ተሳቢ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ፍሬኑም ያዘ፣ ደጋግመው ቢሞክሩትም ያዘ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀብኝ።

«እንግዲህ ደህና ነው በይና ሰዎቹ ይሳፈሩ» አሉ ጋሽ መኮንን።

ይማም ወርዶ ቁልፉን አስረከባቸው። «እኔ ይኼን አልነዳም» አለ።

አጫጆቹ ጓዛቸውን ይዘው ተነሥተዋል፣ ሁሉም አፌን ያያል።

«ደህና አይደለም» አልኩ።

«ምክንያት?»

ወደ አጫጆቹ ዞሬ «በእግራችሁ ውረዱ» አልኳቸው። ሰዎቹ በእግራቸው ወረዱ፣ እኔም ከኋላ ቆሜ ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ሞክሬ ነበር፣ ግን መጨረሻ ላይ የሚሄደው ሰው ያንኑ የቀትሩን ሳል ሲስል ሰማሁና ተውኩት።