ስም የሌለው ግጥም

ኦርኔላ ወረቀቱን ሮም አደባባይ ላይ ካለው የፓስኩይኖ ሐውልት ሥር ተለጥፎ ስታየው ክው አለች። ግጥሙ የራሷ ነው። ትናንት ጓደኛዋን ቱሊዮን ለማሳቅ፣ በምትንተባተበው የክፍላቸው ልጅ በሚርታ ላይ የሞነጨረችው ነው። በግጥም አትታማም፤ ጉዷም ያው ግጥሟ ነው።

«አንተ! ማን ለጥፍ አለህ?»

«ምን ታካብጃለሽ?» አለ ቱሊዮ እየሳቀ። «ፓስኩይኖ ነው እኮ! እዚህ ስም አይጻፍም፣ ማን ያውቅብሻል?»

ዛሬ ክፍሉ በሙሉ የሚመጣው በከተማው ሹማምንት ላይ የጻፈውን ግጥም ሊለጥፍ ነው። ሁለቱ ቀድመው ደረሱ እንጂ መምህርቷ ሌሎቹን ይዘው ከአደባባዩ ማዶ እየመጡ ነው። ሚርታ ከፊት ናት።

ኦርኔላ ልትገነጥለው እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን ሰብስቢ!» አሉ ከሐውልቱ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ። «ከፓስኩይኖ ላይ ወረቀት አይነሳም። ድሮ የሊቃነ ጳጳሳቱ ዘበኛ ቆሞበት እንኳ ሮም መለጠፏን አልተወችም።»

«አባባ፣ ይሄኛው ክፉ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ፊታቸው ተቀየረ። «ፓስኩይኖ እዚሁ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር ይባላል። የጌቶቹን ጉድ እየሰማ ያማቸው ነበር። ሲሞት ይሄ አፍንጫ የሌለው ድንጋይ ስሙን ወረሰ፤ ጌታን የሚወጋ ግጥምም ፓስኩይናታ ተባለ። ስም የማይጻፍበት አንገት እንዳይቀላ ነው። ይቺን ልጅ ለመስደብ የማን ሰይፍ አስፈራችሁ?»

ኦርኔላ አፈረች። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የወረቀት መልሱ ወረቀት ነው።»

«እንዳታብጂ!» አለ ቱሊዮ። «ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ነው የምትሆኚው።»

ለሹማምንቱ የጻፈችውን ገልብጣ በጀርባው ላይ ቸኩላ ጻፈች፦

ሚርታ ቢይዛትም ትናገራለች፣
ምላሰ ቀናዋ ተደብቃለች።

ከመጀመሪያው በታች ለጥፋ ዞር ከማለቷ ልጆቹ ደረሱ። ሚርታ የላይኛውን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ሚ... ሚር...» ስሟን ስታይ ቆመች። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ኦርኔላ ምድር ብትውጣት ወደደች። ሚርታ ግን አላለቀሰችም፤ የታችኛውንም በዝግታ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ማ... ማን ነው የጻፈው?»

ቱሊዮ የኦርኔላን ክንድ ጨበጥ አደረገ። መምህርቷም ልጆቹን ተራ በተራ ያያሉ።

ኦርኔላ ክንዷን አስለቀቀች። እስክሪብቶዋን ከፍታ ወደ ሐውልቱ ተጠጋች፤ ከታችኛው ወረቀት ግርጌ ስሟን ጻፈች። ከዚያ ከላይኛውም ሥር ጻፈችው።