ቆቡ የተሰበረ ታይፕ

የጠመንጃው ሰደፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍባቸው የጋሽ ሽባባው ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ አሉ። የወርቅውሃ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድምፁን ግን ሰማችው።

«ይህን ወረቀት የጻፍከው አንተ ነህ?» አለ ካድሬው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ውሸታቸውን ነበር። ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ሰው የሚሞትበት ዓመት። ጋሽ ሽባባው በዳንግላ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ናቸው፤ የአሥራ አምስት ዓመቷን የወርቅውሃን ከትምህርት መልስ ታይፕ ያስተምሯታል። «የታሰሩት ተማሪዎች ይፈቱ» የሚለውን ወረቀት የጻፈችው እሷ ናት፤ እሳቸው ምሳ በወጡበት፣ በእሳቸው ታይፕ።

ታይፑ አንድ ቁልፍ ከተሰበረበት ቆይቷል። «ሰ»ን «ሸ»፣ «ነ»ን «ኘ» የሚያደርገው፣ ፊደል አናት ላይ የሚደፋው ሰረዝ ነው፤ ሁለቱ ቆብ ይሉታል። ጋሽ ሽባባው ቆቡን በእስክሪብቶ ይሞላሉ። የወርቅውሃ ግን ትዕግሥት ብሎ ነገር አልፈጠረባትም። አንድ ፊደል ወደኋላ ትመለስና ሮለሩን ትንሽ አዙራ የመቀነስ ምልክቱን አናቱ ላይ ትመታዋለች። «መኪናውን ትገድይዋለሽ፣ አንቺ ልጅ» እያሉ ስንት ጊዜ ተቆጥተዋታል።

ካድሬው ዕውር አልነበረም።

«የቢሮህ ደብዳቤ ሁሉ ቆቡ በእስክሪብቶ ነው። የዚህ ወረቀት ግን በታይፕ ተመትቷል። ለምን?»

«እንዳልታወቅ ብዬ።»

«እስቲ መትተህ አሳየኝ።»

ጋሽ ሽባባው እጃቸውን አነሱ። የተሰበሩት ሦስት ጣቶች አልታዘዝ አሉ። ካድሬው ሳቀ፤ ሳቁ ከሰደፉ ይልቅ አስጠላት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ታይፕ ትችያለሽ አይደል? የእምነት ቃሉን ጻፊለት። ስትጨርሺ ወስደን እንገላግለዋለን።»

ተቀመጠች። እስክሪብቶው ከታይፑ ጎን ተጋድሟል። ጋሽ ሽባባው ደም የነካውን ከንፈራቸውን አላቅቀው በአውኛ «እስክሪብቶውን አንሺ፣ ልጄ» አሏት። ካድሬው የሩቅ አገር ሰው ነውና አልገባውም።

«በአማርኛ አውራ» ብሎ በጥፊ አጮላቸው።

«እኔ» ብላ መታች። ቀጥሎ ስማቸው ነው። ቆብ የሌላት «ስ» ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለች። ካድሬው ከጀርባዋ ቆሞ ያያል። እስክሪብቶውን ብታነሳ ዛሬ ቤቷ ትገባለች፤ እሳቸው ግን አይገቡም። ፈርታለች።

አንድ ፊደል ወደኋላ ተመለሰች። ሮለሩን ትንሽ አዞረች።

«ተይ» አሉ ጋሽ ሽባባው፣ በአማርኛ።

የመቀነስ ምልክቱን አናቱ ላይ መታችው።