የባዶ ሳህን ምስክርነት

ሰዓት ሠሪው የሞተው ምሳውን ጥርግ አድርጎ በበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነበር። ተኝቶ የሚታከምበትን ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ወንጀለኛ ለማድረግ ይህ ብቻ በቂ ሆነ። የሟቹ ልጅ «አባቴን መርዘውብኛል» ብላ ከሰሰች፤ ሆስፒታሉም ጣጣውን ከራሱ ለማራቅ ሰውዬውን ከማብሰያ ቤት አስወጥቶ በዘበኛ አስጠበቀው። ሃያ ዓመት ሕመምተኛ ሲያበላ የኖረ ሰው፣ በማግስቱ እስከ ምሽት ነጻ ካልወጣ ወደ እስር ቤት ሊሄድ ነው።

ጉዳዩን የያዘችውን ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ «ለምን» ይሏታል፤ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ። ያን ቀን ትዕግሥቷ ያለቀው ገና ከበሩ ነው። ክፍሉ ከከባድ የቫይረስ ሕመም የተረፉ ሰዎች በምግብ የሚያገግሙበት ነው። ሟቹ ስንት ኪሎ ይመዝን እንደነበር የሚነግራት ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለች ነርሷ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወር በላይ ሆኖታል። ይጠገን ብለን ደብዳቤ ጽፈናል።»

«ታዲያ ሰው ይክሳ ይወፍር በምን ታውቃላችሁ?»

«በሳህኑ ነዋ። ባዶ ከተመለሰ ሙሉ በልቷል ብለን እንጽፋለን።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ገለጠችው። አሥራ አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ «ሙሉ በልቷል» ይላል። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሰውዬውን በጥቂት ማንኪያ አስጀምራ፣ ሳህኑ ባዶ በተመለሰ ቁጥር እየጨመረች፣ በአሥረኛው ቀን ለጤነኛ ሰው የሚበዛ ምግብ ላይ እንዳደረሰችው ነገረቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ግማሹን የሚተው ሕመምተኛ ግን በአፍንጫው ቱቦ ይገባለታል። የክፍሉ ደንብ ነው።

ሐኪሙ ደግሞ ይባስ አበሳጫት። መርዝ የሚባል ነገር አላገኘም።

«በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ተሟጠው ልቡ ቆሟል» አለ። «ይህ ብዙ ቀን የተራበ ሰው ድንገት ጠግቦ መብላት ሲጀምር የሚመጣ ነው። እሱ ግን አሥራ አምስት ቀን ሲበላ ነበር። ግራ ገብቶኛል።»

«ግራ ከገባዎት ለምን አልጠየቁም?»

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እሷም ጥላው ወጣች።

ልጅቷ የአባቷን ዕቃ በከረጢት ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ የእጅ ሰዓቱን አወጣች። የቆዳ ማሰሪያው ላይ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች፣ አንዱ ከሌላው እየጠበበ፣ በምስማር ተበስተዋል። ልጅቷ ምስማሩን ያመጣችለት ራሷ እንደሆነች ተናገረች፤ እዚህ ከገባ በኋላ ሰዓቱ ከእጁ እየሾለከ አስቸግሮት ነበር። በምግብ ሰዓት ጠያቂ ስለማይገባ ሲበላ አይታው አታውቅም። ከሳብኝ ብላ ነርሷን ስትጠይቅ መዝገቡን አሳይተዋታል።

ከሟቹ ጋር አንድ ክፍል የተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ብቻ ነው። «ጋሼ ደግ ሰው ነበር» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስለ እሱ ነርሷን ብትጠይቅ ግን ምሬቷ ገነፈለ፤ ስኳር ያለበት ሰው ነው፣ ምግቡ ተለክቶ እየተሰጠው ስኳሩ አልወርድ ብሎ መድኃኒት ሲጨምሩለት ከረሙ፤ ሰሞኑን ደግሞ ድንገት ወርዶ ራሱን ሳተባቸው። ኢንስፔክተሯ የሹፌሩን መዝገብ ተቀብላ ቆማ አነበበችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሁለት አልጋ ባለው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ምግብ አብሳዩ ከነዘበኛው በሩ ሥር ቆመ።

«መዝገቡ ሰውዬው ሲበላ ነበር ይላል» አለች። «ይህ ማሰሪያ ደግሞ ሲከሳ ነበር ይላል። እኔ ማሰሪያውን አመንኩ። ሐኪሙም ያገኙት የተራበ ሰው ደም ነው። እንግዲህ እሱ ካልበላ ሳህኑን ማን ባዶ አደረገው? ልጅቷ በምግብ ሰዓት አትገባም። ነርሷ በልታው ቢሆን ደግሞ የሹፌሩ ስኳር ባልጨመረ ነበር። ስኳሩ አሥራ ሁለት ቀን ወጣ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ወረደ። ወንድሜ፣ የጎረቤትህን ምግብ መብላት ያቆምከው ያኔ ነው። ለምን?»

ሹፌሩ ተነስቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«የአፉ ጣዕም ተመልሶለት ነው፣ እትዬ» አለ። «ሕመሙ ወስዶበት ነበር፤ የጎረሰው ሁሉ አፈር አፈር ይለዋል። ከወተቱ ትንሽ ይጎነጭና ይተወዋል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል እያለ በቱቦው ብዙ ተሰቃይቷል፤ ድጋሚ ከሚያስገቡብኝ ሞቴ ይሻለኛል ብሎ ለመነኝ። በላሁለት። በኋላ ግን ሩዙን ቀመሰና አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ የራሱን ራሱ ጨረሰ። እኔም ዳነ ብዬ ደስ አለኝ።»

«ያን ቀን ‹ዛሬ በላሁ› አለኝ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ‹በየቀኑስ እየበላህ አይደል እንዴ?› አልኩት።»

«ምግቡ ደህና ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጠኑም አሥራ ሁለት ቀን ለበላ ሰው ልክ ነበር። የቀረበው ግን አሥራ ሁለት ቀን ለተራበ ሰው ነው። መርዛችሁ ይኸው ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ሲበላ ቆሞ ቢያየው ዛሬ እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር?» ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዝቅ ልታደርገውም አልሞከረች። ነርሷና ባለሙያዋ አንገታቸውን ደፉ።

«አንተስ ይህን ሰው ሲይዙት ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ» አለ ሹፌሩ።

ዘበኛው ገለል አለ። ልጅቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ተነሳች፤ ምግብ አብሳዩ ግን በአጠገቧ አልፎ ሹፌሩ አልጋ ዘንድ ሄዶ ቆመ።

«ሳህኑ ተጠርጎ ሲመጣልኝ፣ ቤት ገብቼ ለሚስቴ እነግራት ነበር» አለው። «‹ያ ሰዓት ሠሪ እየዳነልኝ ነው› እያልኩ። አሥራ ሁለት ቀን ለማን ሳበስል እንደነበር ገና አሁን ማወቄ ነው።»

ሹፌሩ ይቅር በለኝ አለው። ምግብ አብሳዩ የእራት ሰዓት ደርሷል ብሎ ወጣ።