ከመኪናው ሥር ያየኋቸው እግሮች

እኔ መካኒክ ነኝ፣ መካኒክ ደግሞ በቡዳም በጋኔንም አያምንም፣ የሆነ ነገር ቋ ካለ የላላ ብሎን አለ፣ ካፏጨ ቀዳዳ አለ፣ የተረፈው ወሬ ነው፣ ልጅ ሆነን እንኳ የጎረቤታችን ሴትዮ ዛራቸው ተነሣ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲሸሽ እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እስቅ ነበር። እመኑኝ፣ ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው መጥቶ ይህን አሁን የማወራችሁን ነገር ቢነግረኝ "ወንድሜ፣ ሂድና ትንሽ ተኛ" ነው የምለው። ግን ያየሁት እኔ ነኝ፣ የመኪናው ሆድ ደረቴ ላይ የተጫነብኝም እኔው ነኝ፣ እና ምን ላድርግ፣ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሆላንድ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም፣ ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ የሚባለው ሰፈር ጋሽ ተኽለ ቤት ተጠግቼ ነበር የምኖረው። ጋሽ ተኽለ የኤርትራ ሰው ናቸው፣ ያኔ ወደ ሃምሳው ይጠጋሉ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ፣ ሆዳቸው ሲባባ ብቻ ወደ ትግርኛ የሚሻገሩ ሰው። በመርከብ ሮተርዳም ገብተው እዚያው ወደብ ላይ ሥራ አግኝተዋል። ሚስታቸው ለተብርሃንና ልጃቸው ሰናይት ግን ሱዳን ውስጥ ከሰላ ነበሩ፣ ስደተኛው ከሰፈረበት ቦታ። ልጅቷን ሲለዩዋት ገና ትድህ ነበር፣ አሁን ጥርሷን እየነቀለች ነው ብለው ሰዎች ነግረዋቸዋል። እናትና ልጅን ለማምጣት ያላንኳኩት በር የለም፣ ዛሬ የጋብቻ ወረቀት አምጣ፣ ነገ የልደት ወረቀት አምጣ፣ ከተቃጠለ ከተማ ማን ወረቀት ይሰጣል? አንድ ማታ ከሥራ ገቡና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣

"መስፍን፣ ነድቼ ሄጄ አወጣቸዋለሁ" አሉኝ።

"ከሆላንድ ከሰላ? በመኪና?"

"እስከ ጣሊያን መንገድ አለ፣ ከዚያ በመርከብ እስክንድርያ፣ ከዚያ አስዋን፣ ከዚያ የሱዳኑ ሐልፋ። ካይሮ ድረስ ላምጣቸውና ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል። አንተ መኪናውን ብቻ አቁምልኝ።"

እኔ ወረቀት ስለሌለኝ ከአገር መውጣት አልችልም፣ የምችለው መጠገን ነው። አሮጌ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ገዙ፣ ጎኑ ላይ ትልቅ የስንዴ ዛላ የተሳለበት፣ ሞተሩ ደህና፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀለት፣ የኋላ ባሌስትራው የተሰበረ። ሰፈር ውስጥ መፍታት ስንጀምር ጎረቤት "አስፋልቱን ዘይት በዘይት አደረጉት" ብሎ ፖሊስ ጠራብን፣ እኛም መኪናውን አስጎትተን ወደ ባሕሩ ሄድን፣ ሁክ ፋን ሆላንድ አጠገብ ከአሸዋ ጉብታዎቹ ጀርባ አንዲት ባልቴት የምታስተዳድረው ካምፒንግ፣ የድንኳን መስፈሪያ፣ ነበር፣ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ከእኛ በቀር ሰው የለበትም፣ ድንኳናችንን ተክለን ሥራችንን ያዝን።

የዚያን ዕለት ጋሽ ተኽለ ከቁርስ በኋላ የፍሪሲዮን ሸራ ሊገዙ በአውቶቡስ ሮተርዳም ሄዱ። ዓይኔ እያየ ነው የተሳፈሩት፣ ሹፌሩን ሰላም ሲሉት ሁሉ ሰምቻለሁ። የወደብ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ነበር፣ የግራው ክር ተበጥሶ በኤሌክትሪክ ሽቦ ያሰሩትን።

እኔ መኪናው ሥር ገባሁ። አዲሱን ባሌስትራ ትናንት ስለገጠምን ከፍ ብሎ ነው የቆመው፣ ጣውላ አንጥፎ በጀርባ ለመንፏቀቅ የተመቸ ነው። ፀሐይዋ ደህና አድርጋ ትሞቃለች። ባልቴቷ ከውሻዋ ጋር ስታልፍ ወደ ባሕሩ አየችና "ዜይቭላም እየመጣ ነው" አለችኝ፣ የባሕር ነበልባል እንደማለት ነው፣ እነሱ በጠራራ ፀሐይ ከባሕር ድንገት ለሚነሣው ጭጋግ ያወጡለት ስም ነው፣ እኔም ነበልባል ሲሉ ሰምቼ እሳት መስሎኝ ሳቅኩ። ውሻው ግን አልሄድም ብሎ መኪናው ሥር አንገቱን አስገብቶ አየኝ፣ አየኝና ጅራቱን እግሮቹ መሃል ሸጉጦ እየጎተታት ሄደ።

ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ገና ምሳ እንኳ አልበላሁም፣ ግን ጭጋጉ እንደ ግድግዳ መጣና ከመኪናው ሥር ሆኜ ጎማዎቹን ብቻ ነው የማየው፣ ከጎማው ወዲያ ያለው ሣር ሁሉ ነጭ ሆነ። ከወንዙ አፍ መርከቦቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይመልሳል። ልብ ያልኩት ያ ድምፅ ሲቆም ነው። ባሕሩም ዝም አለ፣ ባሕር ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር።

ቸፕ፣ ቸፕ፣ ቸፕ የሚል ኮቴ መጣ። በጎማው በኩል ዘወር ብዬ ሳይ ሁለት የሴት እግሮች፣ በእኛ አገር ታጋዩና ስደተኛው የሚያደርገውን የላስቲክ ሽዳ ያደረጉ፣ ከጎናቸው ደግሞ ትንንሽ እግሮች፣ እነሱም ሽዳ አድርገዋል፣ ግን ሰፍቷቸው ተረከዙ ከኋላ ይጎተታል። በዚያ ብርድ አገር፣ በዚያን ጊዜ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደዚያ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። ካምፒንጉን የሚፈልጉ እንግዶች ናቸው ብዬ "ኻሎ?" አልኩ። መልስ የለም። እግሮቹ አቧራ ለብሰዋል፣ ደረቅ አቧራ፣ ሣሩ በጤዛ ርሶ እያለ።

ቀጥሎ ቦት ጫማ መጣ፣ ግራው በሽቦ የታሰረ።

"ጋሽ ተኽለ፣ መቼ ተመለሱ?" አልኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት፣ እንግዳ አግኝተው ይዘው መጡ ብዬ። የኋላው በር ሲከፈት ሰማሁ፣ የዝገቱን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ከዚያም ድምፃቸውን፣ ጥርጥር የሌለው የራሳቸውን ድምፅ፣ "ንዒ፣ ደይቢ" አሉ፣ ነይ፣ መኪናው ላይ ውጪ ማለታቸው ነው፣ አስመራ ጋራዥ ሠርቼ ስለነበር ይህችን ያህል እሰማለሁ። የሴትዮዋ እግሮች ከመሬት ተነሡና መኪናው ሲጢጥ ብሎ ዝቅ አለ። ትንሿ ግን ቆማ ቀረች። ቀስ ብላ ጎንበስ ስትል ጉንጉኖቿ ተንጠልጥለው ታዩኝ፣ ግንባሯ ብቅ ሊል ሲል "ግደፍዮ" አሏት፣ ተይው ማለት ነው፣ በቁጣ ሳይሆን እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንዳይቀሰቀስ እንደሚባለው አድርገው፣ እሷም ቀና ብላ ወጣች። በመጨረሻ ቦት ጫማዎቹ ተነሡ።

ያኔ መኪናው ወረደ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ባሌስትራን ያን ያህል አያስተኙትም፣ እሱን ለእኔ ተዉት፣ ሥራዬ ነው፣ ጢም ብሎ ስሚንቶ እንደተጫነ ነበር የወረደው፣ ብረቱ ደረቴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። መጮኽ ብፈልግ ትንፋሽ ከየት ይምጣ። ጣውላውን በእግሬ ገፍቼ ከሥሬ አወጣሁት፣ አሸዋውን በጥፍሬ እየቧጠጥኩ፣ ሸሚዜ ተቀዶ፣ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ከፈትኩት።

ማንም የለም። የመፍቻዎቹ ሣጥንና የጋሽ ተኽለ ብርድ ልብስ ብቻ። ቆሜ እያየሁ መኪናው ቀስ ብሎ፣ ሲጢጥ እያለ፣ ወደ ቦታው ከፍ አለ። አንድ መርከብ ጥሩምባውን ነፋ። መሬቱን አየሁ፣ ከእኔ ዱካ በቀር ዱካ የለም።

ጋሽ ተኽለ የመጡት ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው፣ የፍሪሲዮን ሸራውን በጋዜጣ ጠቅልለው። ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጬ አገኙኝ። ደረቴን ሲያዩ፣ ከጡቴ እስከ ጡቴ በልዟል፣

"ክሪኩ ከዳህ?" አሉኝ።

"ክሪክ አልነበረም።"

ከዚያ ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። ሽዳውን ስነግራቸው ተቀመጡ። ጉንጉኖቹን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሦስተኛዎቹ እግሮች ላይ ስደርስ አቆምኩ፣ እሳቸውም አዩኝና፣

"ጨርስ" አሉ።

"እርስዎ ነበሩ፣ ጋሼ። ይኸው ጫማ። ድምፅዎ።"

"ልጅቷ ፈርታ ነበር?" አሉ።

"አልፈራችም።"

"እኔ ነኝ ያወጣኋቸው? አብሬያቸው ገባሁ?"

"አዎ። ጋሼ፣ ይተዉት ይህን ጉዞ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይህ ደግ ነገር አይደለም፣ የሞተ ሰው ነው እንዲህ የሚታየው..."

"የሞተ ይሁን የዳነ ይሁን" አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። "አብሬያቸው ነበርኩ ብለኸኛል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ፍሪሲዮኑን ግጠምልኝ።"

ገጠምኩ። ምን ላድርግ? በተመለሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ማለዳ ተነሥተው ሄዱ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ስንዴ እንኳ ሳናጠፋው። ከእስክንድርያ ደወሉ፣ ደኅና ነበሩ። ከአስዋን ደግሞ ደወሉና፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ "መስፍን፣ መኪናው ባዶውን ነው፣ ግን ከኋላ ይተኛል፣ ለምንድነው?" አሉኝ። እኔ የመካኒክ መልስ ሰጠኋቸው፣ የመንገዱ ጉድጓድ ይሆናል፣ ሙቀቱ ይሆናል አልኩ። ሳቁ። "ይሁና" አሉ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ከሰላ የነበረ አንድ ወጣት አምስተርዳም መጣ፣ ፈልጌ አገኘሁት። ለተብርሃንና ሰናይት በወባ እንደሞቱ፣ ያውም ጭጋጉ ከመጣበት ቀን ብዙ ቀደም ብሎ እንደሞቱ፣ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ማንም መኪና ይዞ አልመጣም አለ። አለቀስኩ፣ አምኜው ማቅ ልለብስ ስል ደግሞ ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ከሰላ ከእነሱ ጎን የነበረች፣ ማን ሞተ ብላ ጮኸችብኝ፣ ባልየው መጥቶ ወሰዳቸው፣ ፍራሻቸውን ተሸክሜ መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ጎኑ ላይ ስንዴ የተሳለበት መኪና ነው አለች። ስለ ስንዴው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁለቱን ቤቴ ጠርቼ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው፣ ሁለቱም አንገታቸው ላይ ባለው መስቀል ማሉ፣ ሁለቱም አለቀሱ፣ አንዳቸውም ሌላውን ውሸታም አላሉትም። መኪናውን በሐልፋ መንገድ ላይ ያየው ሰው የለም፣ ስባሪውም አልተገኘም።

ጊዜ ሲሄድ የሮተርዳም ወዳጆቻቸው ተዝካር ይውጣላቸው አሉ፣ የሰው ልጅ ያለ ፍትሐት አይቀርም፣ አንተ እንደ ልጃቸው ነህና ቄሱን አነጋግር አሉኝ። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፣ ለበዓል ከሌላ አገር የሚመጡ ቄስ ነበሩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ጠጋ ብዬ መስቀል ተሳለምኩና ጉዳዩን ነገርኳቸው፣ የጋሽ ተኽለን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ አባ ቀና ብለው፣

"ፍትሐቱ ለስንት ነፍስ ነው ልጄ፣ ለአንድ ነው ለሦስት?" አሉኝ።

ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ "ሌላ ጊዜ እመጣለሁ አባ" ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልተመለስኩም።