ሳይቀዘቅዝ አይጠፋም

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም። «ስምንተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረሰ ምን ያውቃል» የሚል ካለ ከዚሁ ይመለስ። እንዲህ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ለምጄዋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። እኔ ከቤታችን ጋር ግድግዳ በምትጋራው ጠባብ ጋራዤ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

መጀመሪያ ግን ስለ ታናሽ ወንድሜ ልንገራችሁ።

አባታችን ሲሞት ፒክአፑ ለእሱ ተሰጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ ተኝቼ ዘይት የጠጣሁት እኔ፣ መሪውን የጨበጠው እሱ። «አንተማ መፍቻ አለህ» አሉኝ ዘመዶቼ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ጋሼ ብሎኝ አያውቅም። «ዶክተር ትኩሳት» ነው የሚለኝ።

ለምን መሰላችሁ? መኪናዋ በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር ቱርቦ ያላት ናፍጣ ናት። እንዲህ ያለች መኪና ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ፣ የውሃው ሙቀት ልክ ሆኖ ሳለ የጭሱ ሙቀት ብቻውን ፒስተን ያቀልጣል። ስለዚህ ከቱርቦው በፊት ያለውን የጭስ ቱቦ በስቼ የሙቀት መለኪያ አስገባሁለት። ሙቀቱን በቀስት የሚያሳየውን ጌጅ ከመሪው አጠገብ አሰርኩት።

ቀስቷ ወደ ቀዩ ስትጠጋ እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ ማርሽ ቀንስ። ዳገቱን ስትጨርስ ደግሞ ቀስቷ እስክትወርድ ሞተሩን በቆመበት እየሠራ ተወው። ሳይቀዘቅዝ አይጠፋም። ካጠፋኸው ቱርቦው ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል።

ይህን ስንት ጊዜ ነገርኩት!

በዚያ ቀን ጠዋት መጣና፣ «ይሄን ዓይንህን ከመኪናዬ ላይ ንቀልልኝ» አለኝ። «እንደ አማት እያፈጠጠብኝ መንዳት አልቻልኩም!»

«ዛሬ ምን ልትጭን ነው?»

«ሲሚንቶ። እማዬንም። ዳገቱ ላይ የማሠራውን ቤት ላሳያት።»

«እማዬን ይዘህ፣ ያለ ጌጅ?»

«ንቀል አልኩህ፣ ዶክተር! ትኩሳት ከያዘው ግንባሩን ትዳብስለታለህ።»

እማዬ ጋቢናው ውስጥ ሆና ሳቀች። እሷም።

ነቀልኩት። ሽቦውን ቆረጥኩና ጌጁን መደርደሪያዬ ላይ፣ ከአሮጌ ፊልትሮዎች መሀል አስቀመጥኩት። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። የሞተ ዕቃ።

ስምንት ሰዓት ላይ... በራ።

ፀሐይ ያንጸባረቀበት መስሎኝ በእጄ ጋረድኩት።

በእጄ ጥላ ውስጥ በራ።

ከዚያ ቀስቷ ተነሳች። ቀስ ብላ... ሸክም ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው።

ስልክ ደወልኩ።

«የት ደረሳችሁ?»

«ዳገቱን ጀመርነው። ምነው፣ ናፈቅኩህ?»

«እግርህን ከነዳጁ አንሳ።»

«ምን?»

«አንሳ! ቀስቷ ቀዩ ጋ ደርሳለች!»

 ሳቀ። «በህልምህ ነው የምታየው? እማዬ፣ ስሚው ይሄን ልጅሽን...»

ቀስቷ ቀዩን አለፈች። የጌጁ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ።

«እማዬ ትሙት!» አልኩት። አጠገቡ መሆኗን ረስቼ።

«እሺ በቃ! ይኸው ቆምኩ። አጠፋሁልህ፣ ደስ ይበልህ።»

«አታጥፋው! ሳይቀዘቅዝ...»

ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ሞተሩ ግን አልጠፋም። በስልኩ ውስጥ ጩኸቱ ጨመረ... ጨመረ...

«ጋሼ...» አለ በሹክሹክታ።

በሕይወቴ ከእሱ አፍ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው...»

«እማዬን ይዘህ ውረድ!»

«እሷ ወርዳለች። እኔ... ጋሼ፣ ስንት ደረሰ?»

ጌጁን አየሁት። ቀስቷ ጥጉ ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች።

 ስልኩ ተቋረጠ።

በሰው ሞተር ሳይክል ደረስኩ። እማዬ መንገድ ዳር ቆማለች። እሱ መሪው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ዓይኑ ክፍት፣ ቀኝ እጁ ጭብጥ። የመኪናዋ ሞተር ጠፍቷል፤ ክዳኑን ነካሁት። በረዶ ነው። በኋላ ስንፈታው ግን ፒስተኖቹ ቀልጠው ነበር።

«ድንጋጤ ነው፣ ይለቀዋል» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲህ አይናገርም። ጠዋት ጋራዤ ይመጣና ከመደርደሪያው ትይዩ ይቀመጣል። ጭብጡን ማንም ማስከፈት አልቻለም።

አንድ ቀን ጆሮዬን ደረቱ ላይ አስጠጋሁ።

ልብ አይደለም... በቆመበት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነው።

ጌጁም አልጠፋም። ቀስቷ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ትወርዳለች። ምን ልንቀል? ሽቦ የለው። መዶሻ አነሳሁበት፤ ወንድሜ ሲንዘፈዘፍ ሳይ መልሼ አስቀመጥኩ።

እማዬ ግንባሩን ትዳብስና፣ «ተመስገን፣ ትኩሳቱ እየወረደለት ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ።

እኔ ዓይኔን ከቀስቷ ላይ አልነቅልም።

ዛሬ ከሰዓት ቀስቷ ታችኛውን መስመር ነካች። ድሮ «በል አሁን አጥፋው» የምለው እዚያ ላይ ስትደርስ ነበር።

ወንድሜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው... አየኝ።

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቃል አልወጣኝም። እውነቴን ነው፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

ጭብጡ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ...

ቀጭ።

ጌጁ ጨለመ። ወንድሜ ደረት ውስጥ የነበረው ሞተር ቆመ፤ ጋራዡ ጸጥ አለ።

ከግድግዳው ማዶ እማዬ ተጣራች። «ልጄ... ምኑ ነው የጠፋው?»

የወንድሜ ጣቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ።

እጁ ውስጥ ቁልፍ አልነበረም።