ያለ ቦታው የተጠራ ስም

የቀርሞን መንግሥት አዋጅ ነጋሪ በዚያ ማለዳ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ነጋሪቱን ሦስት ጊዜ ጎሰመ፤ የንጉሡን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። ስሙ ጠፋው። አርባ ዓመት ሙሉ የጠራው ስም ነበር። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት እናት ልጇን ልትጣራ ብላ ስሙን ስታጣው ግን ሳቁ ባንዴ ቀዘቀዘ። በስተምሥራቅ ከኡራ ሐይቅ የተነሣ ግራጫ ጭጋግ ሸለቆውን ሞልቶ የከተማይቱን ቅጥር መላስ ጀምሯል። በውስጡ ዐይን የሌለው፣ አፍ ብቻ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። የጥንት መጻሕፍት ስምበላ ይሉታል።

ይህ መዓት በማን ጥፋት እንደ መጣ አርዜማ ወዲያው አወቀች። የሃያ ዓመት ወጣት ናት፤ ከየአውራጃው ሐዘንተኞች በሚመጡበት በመጽናኛ ቤት ከአጽናኞች ሁሉ የመጨረሻዋ፣ በራሷ በመተማመን ግን የመጀመሪያዋ። የቤቱ ደንብ አጭር ነበር፦ ሐዘንተኛውን ዐይን ዐይኑን እይ፤ የሟቹን ስም ጠይቅ፤ ስሙን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለህ ጥራ፤ አብረህ አልቅስ። ለቀርሞን ሰው ይህ መድኃኒት ነው። ቀርሞኖች በየማለዳው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሙታናቸውን በስም ይጠራሉ። አርዜማም በልጅነቷ የሞተችባትን እናቷን «ሳሌን!» ብላ ሳትጠራ ቀኗን ጀምራ አታውቅም።

ከወር በፊት፣ ጭጋጉ ከተነሣበት ከዚያው ከኡራ ሐይቅ ዳር ኡማይ የምትባል ሴት መጣች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ሰጥመው ሞተውባታል። ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። አርዜማ ያፈረች መሰላት፤ ዞራ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና የሴትዮዋን አገጭ ቀና አደረገች፤ የልጆቹን ስም ጠየቀች። ሴትዮዋ ዝም ስትል፣ በር ጠባቂው ከጻፈው ወረቀት ላይ አነበበችና «ሊማን! ዶሪ!» እያለች ሦስት ጊዜ ጮኸች። ኡማይ ጆሮዋን ይዛ ሮጣ ወጣች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አርዜማ ግን ያን ዕለት ማፍሰሷንም አላወቀችም።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ በመጽናኛ ቤቱ አለቃ በሽማግሌው ዝክራን እግር ሥር ወድቃ።

«ደንቡን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔም አለሁበት። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ያለ ቦታው የተጠራ ስም ባለቤቱን ሲፈልግ ያገኘውን ስም ሁሉ ይበላል። ጨረቃ ከመሙላቷ በፊት የጠራው ሰው ካልመለሰው፣ በቀርሞን ልጁን የሚጣራ አባት አይኖርም።»

አርዜማ እጇን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጫነች። «በእናቴ በሳሌን ስም እምላለሁ! የዘጋሁትን ሐዘን ሳልከፍት አልመለስም።»

መንገድ መሪዋ ቶርባ ነበር፤ የጨው ምድር ሰው፣ ጸጉሩ የሸበተ ተሸካሚ። ታናሽ ወንድሙን በዚያው ዓመት ቀብሯል። የወንድሙን ጭነት በራሱ ጭነት ላይ ደርቦ ይሄድ ነበር። አርዜማ በመጀመሪያው ቀን ዐይን ዐይኑን እያየች «አያ ቶርባ፣ ወንድምዎ ማን ይባላል?» ብትለው ፊቱን አዙሮ እርምጃውን አፈጠነ። ሁለት ቀን አላናገራት። በሦስተኛው ቀን፣ ጉልበቱ ሲከዳው አየችና ምንም ሳትል የወንድሙን ጭነት ከጀርባው አውርዳ ተሸከመች። ትከሻዋ ደማ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቶርባ በራሱ ጊዜ ጀመረ።

«ካሩ ይባላል። ሲያፏጭ ግመሎቹ እንኳ ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር» አለና አለቀሰ። «በእኛ አገር ሐዘንተኛን አይጠይቁትም፤ ሸክሙን ያግዙታል።»

አርዜማ ደስ አላት። መድኃኒቱን ያገኘች መስሏት ነበር፤ ምስኪን።

የሐይቁ መንደር የተረገመ ይመስል ነበር። ባልና ሚስት በጣት እየተጠቋቆሙ ይነጋገራሉ፤ አንዲት ልጃገረድ ውሻዋን «አንተ፣ አንተ» እያለች ትፈልጋለች። ኡማይ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ግድግዳው ላይ የተቀደደ መረብ ተሰቅሏል። አርዜማ መረቡን አውርዳ መጠገን ጀመረች።

«አንቺ!» ኡማይ መረቡን ነጠቀቻት። «ልጆቼ የሞቱበትን መረብ ማን ንኪ አለሽ? በዚያ ስማቸውን፣ በዚህ መረባቸውን! ምን ትተሽልኝ ልትሄጂ ነው?»

ቶርባ ከደጅ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው ልጄ። የእኔን አገር መድኃኒት...» ንግግሩን አልጨረሰም። ጭጋጉ ወገቡን አልፎ ነበር። «ወንድሜ» አለ፣ እጁን ወደ ጭነቱ ዘርግቶ። «ወንድሜ... ማን ነበር?»

ለአርዜማ የቀራት ደንብ የለም። መሬት ላይ ተንበረከከች።

«እሜቴ፣ መጀመሪያ የአገሬን ልማድ ጫንኩብዎ፤ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው። እኔ አላውቅም። በእናንተ ዘንድ ሐዘንተኛ የሚደመጠው እንዴት ነው?»

ኡማይ መረቡን መልሳ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። «ይህን የጠየቀኝ የለም» አለች። «ተነሽ።»

በቀትር፣ ፀሐይ በሌለበት ቀትር፣ ሁለቱ በታንኳ ወደ ሐይቁ መካከል ቀዘፉ። ኡማይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። «ጀርባሽን ከጀርባዬ አጋጥሚ። ምንም ብትሰሚ አትዙሪ፤ አትናገሪ። የሰጠመ ሰው ስም ከውኃው ላይ ብቻ ይጠራል። ስጨርስ ግን ሰሚው ከራሱ ሙታን የአንዱን ስም ለውኃው ይሰጣል፤ ዳግመኛም አያገኘውም። በእኛ ዘንድ መስማት በነጻ አይደለም። ካልቻልሽ አሁኑኑ እንመለስ።»

አርዜማ ያላት ሟች አንድ ብቻ ነው። የእናቷን መልክ አታስታውስም፤ ስሟን ብቻ ይዛ አድጋለች።  እንዲያም ሆኖ ጀርባዋን አስጠጋች።

ኡማይ ተናገረች። ሊማን ጥልቅ ውኃ እንደሚፈራ፤ ዶሪ ፈሪ እያለ ያሾፍበት እንደ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ግን ዶሪ ሲሰጥም ፈሪው ዘሎ እንደ ገባለት። ስምበላ ከጭጋጉ ወጥቶ በታንኳዋ ላይ አፉን ከፈተ፤ ቀዝቃዛ እስትንፋሱ የአርዜማን ፊት መታው። ልትዞር፣ ልትጮኽ ፈለገች። በጀርባዋ የሴትዮዋን ሳግ ስትሰማ ግን ጥርሷን ነክሳ ቀረች። በመጨረሻ ኡማይ «ሊማን... ዶሪ...» ብላ በቀስታ ጠራች። ያ አፍ ወደ ውኃው አጎነበሰ፤ ግን አልተዘጋም። ዋጋውን ይጠብቅ ነበር።

አርዜማ ወደ ውኃው ጎንበስ አለች። «ሳሌን» አለች።

አፉ ተዘጋ። ጭጋጉ ዝናብ ሆኖ ወረደ፤ ከሐይቁ ዳርም ቶርባ «ካሩ! ካሩ!» እያለ እንደ ሕፃን ሲጮኽ ተሰማ።

በቀርሞን አዋጅ ነጋሪው የንጉሡን ስም ጠራ፤ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። አርዜማ ተመልሳ ሐይቁ ላይ እንዴት እንዳደመጠች ለዝክራን በነገረችው ማግሥት፣ ማለዳ ሽማግሌው ወደ ቤቷ ሲመጣ ደጃፏ ላይ ቆማ አገኛት። አፏን ከፍታለች፤ ድምፅ ግን አይወጣም።

«መምህር፣ በየማለዳው እዚህ የምቆመው ለምን ነበር?»

ሽማግሌው «ሳሌን» አላት።

«ደስ የሚል ስም ነው» አለች። «የማን ነው?»

ዝክራን በቀስታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ተቀመጠች። ጀርባውን ከጀርባዋ አጋጠመና፣ እስክትናገር ድረስ ዝም ብሎ ጠበቃት።