የትርሲት አርባ አንድ ምስክሮች

የማማ ሰባት ሕንፃ ነዋሪዎች ከመስኮታቸው ውጪ ጉሙን ሲያጭዱ የሚያድሩትን መረቦች ቀና ብለው ማየት ከተዉ ቆይተዋል። ጉሙ ታጭዶ ውኃ ይሆናል፣ ውኃው በቧንቧ ስድሳ ፎቅ ይወርዳል፣ ሰውም ይጠጣዋል፤ በአዲስ ጉና ከተማ ይህ ማንንም አይገርምም። ግድግዳ ሲናገርም የሚደነግጥ የለም። እያንዳንዱ መኖሪያ ልበ-ቤት አለው። ልበ-ቤት ማለት መብራት የሚያበራ፣ ወጥ የሚያሞቅ፣ የባለቤቱን ጤና የሚጠብቅና ከሌሎች ቤቶች ጋር የሚነጋገር የቤቱ አእምሮ ነው።

ባለሙያም ሥራ የሚያገኘው በእነዚሁ ልበ-ቤቶች አፍ ነው። አንዱ ቤት በባለሙያ ሲደሰት ለሌላው ቤት «እሷን ጥራ» ይላል፤ ይህ ምስክርነት ይባላል። ምስክር የሌለው ባለሙያ መፍቻውን ሰቅሎ ቢተኛ ይሻለዋል። የቧንቧ ሠራተኛዋ ትርሲት ዓመት ሙሉ ለፍታ ያገኘቻቸው ምስክሮች ሦስት ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ የአክስቷ ቤት ነው።

«ሥራሽ ወርቅ ነው፤ አፍ የለሽም እንጂ» ይላታል በር ጠጋኙ ጓደኛዋ ዘርጋው። «ጨርሰሽ ስትወጪ ለጎረቤት ይንገሩልኝ ብትዪ ምን ትሆኛለሽ?»

«ልመና ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ፈጠን በይ! እኔ በቀን ስምንት ቤት እገባለሁ። አንቺ አንድ ቫልቭ ለመቀየር ግማሽ ቀን ትፈጃለሽ።»

እውነቱን ነው። ሌላው ባለሙያ እንብላ ሲሉት «ጠግቤያለሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣል። ትርሲት ግን ሰው እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። አንድ ጊዜ ትግደረደራለች፣ ሁለተኛው ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ወሬ እየሳበ ማን ያስነሳታል። በዚህ አመሏ ሁለት ጊዜ የቤት ኪራይ ማራዘሚያ ጠይቃለች።

ከዚያ በጥቅምት ወር ጉድ መጣ። ሰኞ ዕለት አራት ምስክርነት ደረሳት። ማክሰኞ ሰባት። ወሩ ሳያልቅ ከማማ ሰባት ብቻ አርባ አንድ ቤት ጠራት። ትርሲት መጀመሪያ ማሽኑ የተሳሳተ መሰላት፤ ቀጥሎ ስለት ተሳለች፤ ቀጥሎ አዲስ መፍቻ ገዛች። ዘርጋው እንኳ ፈጠን በይ ማለቱን ተወ።

ደስታዋ የቆየው የማማው ተቆጣጣሪ አቶ አንዳርጌ እስኪጠሯት ድረስ ነው። አቶ አንዳርጌ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሳቅ የማያውቁ ሰው ናቸው። እንድትቀመጥ እንኳ አልጋበዟትም።

«አርባ አንድ ቤት ውስጥ የተሰበረው አንድ ዓይነት ቫልቭ ነው» አሉ። «የተሰበረውም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። የተጠራሽውም አንቺ ብቻ ነሽ። ለምርመራ ስል የአርባ አንዱንም ውኃ ዘግቻለሁ።»

ትርሲት ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ክው አለች። «እኔ ሰበርኩት ነው የሚሉኝ?»

«ሌላ ማን ይጠቀማል? ነገ ስድስት ሰዓት ላይ የሙያ ፈቃድሽ ይሰረዛል።»

ፈቃድ የሌለው ባለሙያ በዚያች ከተማ አንድም በር አይከፈትለትም። ዘጠኝ ዓመት የተማረችው ሙያ፣ በሰው ቤት ስትገባ ቀና የምትልበት ስሟ፣ ሁሉም ነገ በቀትር ሊያበቃ ነው። አንድ ነገር ግን ታውቃለች፦ ባለሙያ ስለ ራሱ የተመሰከረውን ቃል በቃል የመስማት መብት አለው።

«መጀመሪያ የመሰከረልኝን ቤት እንጠይቅ» አለች። «አብረን። እርስዎም ባሉበት።»

የመጀመሪያው ቤት የወይዘሮ የሺመቤት ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ናቸው፤ በአርባ አንደኛው ፎቅ ብቻቸውን ሲኖሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ትርሲትን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከኋላዋ ተቆጣጣሪውን ሲያዩ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ጥጉን ያዙ።

«ልበ-ቤት» አሉ አቶ አንዳርጌ ወደ ግድግዳው። «ስለ ቧንቧ ሠራተኛዋ የሰጠኸውን ምስክርነት አሰማ።»

«እሺ» አለ ግድግዳው በለስላሳ ድምፅ። «ምስክርነቱ እንዲህ ይላል፦ ትርሲት የምትባል ባለሙያ አለች። ወይዘሮዋ በልተዋል። ጥሯት።»

አቶ አንዳርጌ የቀረውን ጠበቁ። የቀረ አልነበረም።

«ስለ ቧንቧውስ?»

«ስለ ቧንቧው ያልኩት የለም። የመጀመሪያ ግዴታዬ ወይዘሮዋ እንዲበሉ ማድረግ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ሰሐናቸው እንደቀረበ ተመልሷል። ወጡን ቀየርኩ፤ አልበሉም። ሙዚቃ ከፈትኩ፤ አልበሉም። ቫልቩ ሲሰበር፣ ከባለሙያዎች ሁሉ ሥራ ፈት የነበረችው እሷ ስለሆነች ትርሲትን ጠራሁ። ወይዘሮዋ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው አንድ እንጀራ ተኩል በሉ። በሞቴ የሚለውን ቃልም አራት ጊዜ ተናገሩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰምቼው ስለማላውቅ የሞት ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ሐኪም ልጠራ ነበር።»

ትርሲት ሳቋን በእጇ አፈነች።

«ሌሎቹ ቤቶች ምን እንዳደረግሁ ጠየቁኝ» ቀጠለ ልበ-ቤቱ። «የእነሱም ባለቤቶች አይበሉም ነበር። ሰው እንዲመጣ የሚሰበር ነገር ያስፈልጋል አልኳቸው። ቫልቩ ርካሽ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ውኃውን በኃይል ለቅቆ መልሶ በድንገት መዝጋት ነው።»

አርባ አንድ ቤት፣ አርባ አንድ ሰው ከሰሐኑ ጋር ብቻውን! እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ማማ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የሚኖሩ ናቸው። ትርሲት የገባችባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አስታወሰች። ሁሉም እንብላ ብለዋታል። ሁሉም ሁለት ሰሐን አዘጋጅተው ነበር። እሷ ደግሞ ሥራዋን ወድደውላት መስሏት ነበር! አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ደነገጠች።

የአቶ አንዳርጌ ድምፅ ተሰበረ። «ቤት በራሱ ቧንቧ አይሰብርም። ይህን ማን አስተማረህ?»

«ወይዘሮዋ» አለ ልበ-ቤቱ።

ሁለቱም ወደ ጥጉ ዞሩ።

«የመጀመሪያውን ቫልቭ በማንኪያ እጀታ በኃይል ከፍተው መልሰው በድንገት እየዘጉ የሰበሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ያየሁትን ነው የተማርኩት።»

ወይዘሮ የሺመቤት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ነጠላውን ለቀቁት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ላድርግ ልጆቼ? ቧንቧ ሲሰበር ባለሙያ ይመጣል፤ በር ሲሰበር ባለሙያ ይመጣል። ብቻዬን መብላት አቃተኝ ብዬ ማንን ልጥራ? ለእሱ ባለሙያ አለው? ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ፈራሁ።» ወደ ትርሲት ዞሩ። «እንጀራሽን ልዘጋብሽ አስቤ አይደለም። ይቅር በይኝ።»

«እትዬ የሺመቤት፣ እርስዎ እኮ ነዎት ሥራ ያስገኙልኝ» አለች ትርሲት። እንባዋ መጣ።

አቶ አንዳርጌ በእጃቸው ከያዙት የመዝገብ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ሰረዙ። «ወይዘሪት ትርሲት፣ ከጥፋቱ ነፃ ነዎት» አሉ፤ አንቺ ሲሉ የቆዩትን ትተው። «ግን ሆን ተብሎ በተሰበረ ነገር የተገኘ ምስክርነት አይጸናም። አርባ አንዱም ይሰረዛል። ደንቡ ነው። ከእንግዲህ የሚጸናልዎት ሰው በገዛ አፉ የሚመሰክረው ብቻ ነው።»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። ፈቃዷ ተረፈ፤ ሥራዋ ግን ወደ ሦስት ምስክሮች ተመለሰ።

«እኔ በአፌ እመሰክራለሁ!» ወይዘሮ የሺመቤት ተነሡ። «አሁኑኑ ወጥቼ በየበሩ እነግርልሻለሁ። ለጎረቤቶቼ ሁሉ!» በሩ ድረስ ሄዱ። እጃቸውን ከመዝጊያው ላይ አድርገው ቆሙ። ሲዞሩ ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ ትርሲትን አስፈራት።

«ስማቸው ማን ነው?» አሉ። «የጎረቤቶቼ ስም ማን ነው?»

ልበ-ቤቱ ስማቸውን ያውቅ ነበር፤ ግን የተጠየቀው እሱ አልመሰለውም።

አቶ አንዳርጌ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ በሩ አመሩ። ጠረጴዛው ላይ ሽሮው ከእነ ትኩስ እንፋሎቱ ቀርቦ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት በዚያ ድንጋጤ ውስጥም ሆነው ልማዳቸውን አልረሱም። «እንብላ» አሉ።

«ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይቅርታ» አለ ልበ-ቤቱ። «ተቆጣጣሪው ሳይሄዱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ጠዋት አርባ ሁለተኛ ቤት ምክር ጠይቆኛል፤ ገና አልመለስኩለትም። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ባለቤቴ እራቱን ቆሞ ነው የሚበላው፤ ብዙ ቀንም ጭራሽ አይበላም። ሰው ቤታችን ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቧንቧ ብሰብር ወዲያው ያውቅብኛል፤ ሥራው ቧንቧ መቆጣጠር ነው። ምን ልስበርለት?»

አቶ አንዳርጌ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ ከዚያ ደግሞ ነጡ። ትርሲት ዓይኗን ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት።

ወይዘሮ የሺመቤት ሦስተኛ ወንበር ጎተቱ። «ና ልጄ፣ በሞቴ። እጅህን ታጠብ» አሉ።

ተቆጣጣሪው እንደታዘዙ ወደ ቧንቧው ሄደው ከፈቱት። ውኃ አልነበረውም፤ የዘጉት ራሳቸው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ትርሲት ከጠረጴዛው የመጠጥ ውኃ ያለበትን ጆግና አንድ ጎድጓዳ ሰሐን አምጥታ አጠገባቸው ቆመችና ቀስ እያደረገች አፈሰሰችላቸው። ላለፉት ስድስት ዓመታት አቶ አንዳርጌን ሰው እጃቸውን አስታጥቧቸው አያውቅም ነበር። ውኃው ካለቀም በኋላ እጃቸውን አልሰበሰቡም።